የድሮው ፊልምና አዲሱ፦ ከቱሉ ዲምቱ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በግቢያችን ባለው የጋራ አዳራሽ በወር አንድ እሑድ ለነዋሪው ፊልም ለማሳየት ተስማምተናል። እኔም በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ያየኋቸውን ታላላቅ ተከታታይ ፊልሞች፣ አሁን እንደገና ከተሠሩት ጋር ጎን ለጎን አድርገን ወደ ኋላ እያየን የምንስቅበት ምሽት ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ገና ስንጀምር ተጨቃጨቅን። ልጆቹ እኔ የማውቀውን ስፓይደር ማን አያውቁትም፤ የእነርሱንም እኔ አላውቀውም። ሆሊውድ አንዱን ታሪክ የሚደጋግመው ሐሳብ አልቆበት ነው? ከየፊልሙ አስቂኙን ቦታ ቆርጠን ብናሳይ ይበቃል ወይስ ሙሉውን እንይ? እኔ በራምቦ ልጀምር አስቤ ነበር።»

ምላሽ፦ በራምቦ አይጀምሩ፤ ቆራርጠውም አያሳዩ። ለሁለቱም ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች ያገኙታል። አስቀድሞ መጥራት ያለበት ግን እርስዎንና ልጆቹን ያጨቃጨቃችሁ ነገር ነው። የምጠቅሳቸው የፊልም ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

«እንደገና የተሠራ» የሚለው አጠራር አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ታሪኩ ካቆመበት የሚቀጥል ከሆነ ተከታይ ክፍል ነው። ከመጀመሪያው ፊልም በፊት የሆነውን ተመልሶ የሚነግረን ከሆነ ቅድመ ታሪክ ይባላል፤ ስታር ዋርስ በ1977 ጀምሮ በ1999 የዋናውን ክፉ ሰው ልጅነት ያሳየን በዚህ መንገድ ነው። አንድን ፊልም ወስዶ ያንኑ ታሪክ በሌላ ተዋናይ መልሶ መሥራት ዳግም ሥራ ነው። አራተኛው ሪቡት ወይም ዳግም ጅምር የሚባለው ነው፤ ቃሉ የመጣው ከኮምፒውተር ነው። ደርቆ የቀረ ኮምፒውተር አጥፍተን እንደምናስነሳው ሁሉ፣ ገጸ ባሕርይው ስሙና ልብሱ ይቀርለትና እስከዚያ ድረስ የደረሰበት በሙሉ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ሕይወቱ ከሀ ይጀመራል።

የእናንተ ጭቅጭቅ የተነሳው ከዚህ ከአራተኛው ነው። ቶቢ ማጓየር በ2002፣ በ2004 እና በ2007 ሦስት ጊዜ ስፓይደር ማን ሆነ። አንድሩ ጋርፊልድ በ2012 እና በ2014 ሁለት ጊዜ ሠራው። ቶም ሆላንድ በ2016 በሌላ ጀግና ፊልም ውስጥ ብቅ ብሎ ከ2017 ጀምሮ የራሱን ያዘ። ሦስቱም ፒተር ፓርከር ናቸው፤ አንዳቸው ግን የሌላቸው ቀጣይ አይደሉም። እርስዎ ስለ መጀመሪያው፣ ልጆቹ ስለ ሦስተኛው ነው የምትናገሩት፤ ሁላችሁም ልክ ናችሁ። በ2021 የወጣው ፊልም ሦስቱን ተዋንያን በአንድ ትዕይንት አገናኝቶ የተለያዩ ዓለማት ሰዎች መሆናቸውን በግልጽ አሳይቷል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ራሱን ሲተዋወቅ ማየት፣ ለዓመታት ለተከታተለው ተመልካች፣ በዚህ ዘውግ ካሉት የሳቅ ጊዜያት ሁሉ የሚጥመው ይመስለኛል።

እኔ ያደግሁት ሰበታ ነው፤ ፊልም ወደ አማርኛ መመለስ ደግሞ ሥራዬ ነው። ይህ መደበላለቅ ከየት እንደሚመጣ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ክፍል አንድና ክፍል ሁለት በተራ አይመጡም ነበር፤ ካሴቱ የተገኘበት ቀን ነበር የሚታየው። ሁለተኛውን ተርሚኔተር ከመጀመሪያው በፊት አየን። በ1991ዱ ፊልም አርኖልድ ሽዋዚንገር ልጁን የሚጠብቅ፣ እስከ መጨረሻው የሚከላከልለት ማሽን ነው፤ እኛም «አክተሩ» ብለን ወደድነው። ከዚያ የ1984ቱ መጣ። ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ያንኑ ልጅ ገና ሳይወለድ እናቱን ሊገድል ይሯሯጣል! ቤቱ በጩኸት ታመሰ። አንዳንዶቹ ካሴቱ ተቀይሯል አሉ፤ አንዱ ልጅ ደግሞ «ከድቶ ነው» ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። በቅደም ተከተል ላየው ሰው ግን የሁለተኛው ፊልም ውበት ራሱ ይህ ነው፤ አስፈሪው ፊት ወደ አሳዳጊ ፊት ሲለወጥ ማየት። ስለዚህ ለአዳራሻችሁ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል እዩአቸው የሚል ነው። በውስጣቸው ያለውን የዘመን ቅደም ተከተል ተከትለው ለማየት የሚሞክሩ አሉ፤ ፊልሞቹ ግን የተሠሩት ተመልካቹ በየትኛው ደረጃ ምን እንደሚያውቅ ታስቦ ነው።

በሁለተኛው ተርሚኔተር ማሽኖቹ የሰውን ልጅ የሚያጠፉበት ቀን ኦገስት 29 ቀን 1997 ነው ይላል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ዕለት በሰበታ የክረምቱ ጭቃ ጉልበት ድረስ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ይህን ቀን ለልጆቹ በእኛ ወር ሲነግሯቸው የሚመጣው ሳቅ ጥሩ ሳቅ ነው። ፊልሙንም አያዋርደውም፤ ምን ያህል በእርግጠኝነት እንደተናገረ ያስታውሰናል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ሐሳብ አልቆባቸው አይደለም። በሆሊውድ ያልተሠራ የፊልም ጽሑፍ ሞልቷል። የሚደጋግሙበትን ምክንያት እናንተ በከተማው ዳርቻ የምትኖሩ ሰዎች ከማንም በላይ ልትረዱት ትችላላችሁ። መሬት በሊዝ የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ቦታውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ባይኖረውም አጥር ያጥራል፣ መሠረት ያስቆፍራል፣ ሁለት መኪና ድንጋይ ያስወርዳል። የፊልም መብትም እንደዚሁ ነው። ማርቭል የተባለው የሥዕላዊ ታሪክ አሳታሚ በ1990ዎቹ በገንዘብ ችግር ተወጥሮ ነበር፤ በ1996 መጨረሻም በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። በዚያ ዘመን የዋና ዋና ጀግኖቹን የፊልም መብት ለተለያዩ ስቱዲዮዎች ሰጠ፤ ስፓይደር ማን ለሶኒ ደረሰው። ውሉ በየተወሰነ ጊዜ አዲስ ፊልም መሥራትን ይጠይቃል፤ ካልተሠራ መብቱ ወደ ማርቭል ይመለሳል። በ2010 መጀመሪያ ላይ የማጓየር ፊልሞች ዳይሬክተር የሳም ሬይሚ አራተኛ ፊልም ሲሰረዝ ሶኒ ቁጭ ብሎ ማሰብ አልቻለም፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ወዲያው አዲስ ተዋናይና አዲስ ዳይሬክተር ይዞ ከሀ ጀመረ። የ2012ቱ ስፓይደር ማን የተወለደው በዚህ ነው።

አጥር ብቻ አጥሮ መሬት የማቆየት ምሳሌ ካስፈለጋችሁ ደግሞ በፊልም ታሪክ ውስጥ ከ1994ቱ ፋንታስቲክ ፎር የሚበልጥ አላውቅም። መብቱን የያዘው ጀርመናዊ ፕሮዲዩሰር የውሉ ጊዜ ሊያልቅበት ሆነ። በርካሽ ፊልም የታወቀውን ሮጀር ኮርማንን ይዞ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጥድፊያ ፊልሙን አሠራ። የሚለጠጥ እጅ ያለው ጀግና አለ፤ እጁን የሚያስለጥጥ ገንዘብ ግን አልነበረም። ፊልሙ ተጠናቀቀ፤ በሲኒማ ቤት ግን ፈጽሞ አልታየም። ያው የጀግኖች ቡድን በ2005፣ በ2015 እና በ2025 ሦስት ጊዜ እንደገና ተጀምሯል። በዚያ በ1994ቱ ፊልም የተሳተፉት ተዋንያን ሥራቸውን ከልባቸው ሠርተው ነበር፤ ስለዚህ ሲስቁ በእነርሱ ላይ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። የሚያስቀው ውሉ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘቡ መጠን ነው። የመጀመሪያው ተርሚኔተር 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ፤ ሁለተኛው ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ስሙ በዓለም ሁሉ እንዲታወቅ ይፈልጋል። ስፓይደር ማን የሚለውን ስም በቱሉ ዲምቱም፣ በቶኪዮም፣ በቦጎታም ያለ ልጅ ያውቀዋል። የ2002ቱ ስፓይደር ማን በአሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው ፊልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮዎቹ ያልታወቀ ስም ላይ ትልቅ ገንዘብ ለማፍሰስ ድፍረታቸው ቀንሷል። ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ ምክንያቱም ተርሚኔተር ራሱ በ1984 ማንም የማያውቀው ስም ነበር።

ሦስተኛው ውርደት ነው። በ1997 የወጣው የባትማን ፊልም፣ ጆርጅ ክሉኒ የሠራው፣ ይህን ለማየት ይረዳል። በማስታወቂያው ላይ ከባትማን ስም በፊት የክፉው ሰው የአርኖልድ ስም ይቀድማል። አርኖልድ በረዶ የሚተፋ መሣሪያ ይዞ፣ በተናገረ ቁጥር ስለ ብርድና ስለ በረዶ የቃላት ጨዋታ ይጫወታል። ባትማን በጨረታ መሀል የራሱን የባንክ ካርድ ያወጣል፤ የአገልግሎት ጊዜው «እስከ ዘላለም» ይላል። ዳይሬክተሩ ጆል ሹማከር ከዓመታት በኋላ ተመልካቹን ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ፊልም በኋላ ባትማን ለስምንት ዓመት ከሲኒማ ጠፋ፤ በ2005 ክሪስቶፈር ኖላን ከሀ እስኪጀምረው ድረስ። ዳግም ጅምር አንዳንዴ የስቱዲዮ ንስሐ ነው፤ የ2005ቱን ሳደንቅ ያለ 1997ቱ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

የባትማን ወላጆች ስንት ጊዜ እንደሚሞቱ ልጆቹ ቢጠይቁዎት፣ በ1989፣ በ2005፣ በ2016 እንዲሁም በ2019 በወጣው የጠላቱ የጆከር ፊልም ውስጥ ሲገደሉ አይተናል። የእናትየው የአንገት ዕንቁ ሲበጠስና መሬት ላይ ሲበተን በቀስታ ማሳየት የተለመደ ሆኗል። የ2022ቱ ፊልም ግን ግድያውን ሳያሳይ አለፈው። የስፓይደር ማን አጎት እንደዚሁ በ2002ም በ2012ም ሞተ፤ በ2017ቱ ፊልም ሞቱ አልታየም። ሠሪዎቹ ተመልካቹ ለቅሶውን ሦስት ጊዜ እንደማይደርስ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አሁን ስለ ሳቁ ልናገር፤ ምሽታችሁ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሦስት ዓይነት ሳቅ አለ፤ አንዱ ከሌላው ይለያል።

የመጀመሪያው ከርቀት የሚመጣ ነው። ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ በ2001 ሲጀምር የጭነት መኪና እያስቆሙ የዲቪዲ ማጫወቻና ሌላ ኤሌክትሮኒክስ የሚዘርፉ ወንበዴዎች ታሪክ ነበር። ፖሊሱ ራሱን ሰውሮ የገባው ይህን ሊያጣራ ነው። በ2021 በወጣው ዘጠነኛው ክፍል ሁለቱ ጓደኛሞች ሮኬት የታሰረበት አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ወደ ሕዋ ይወጣሉ። ከዲቪዲ ማጫወቻ ወደ ሕዋ! በመካከሉ አንድም ዳግም ጅምር የለም፤ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው እዚያ የደረሰው። ሃን የተባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ በ2006ቱ ሦስተኛ ክፍል ሞተ፤ ተመልካቹ ስለወደደው አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ከሦስተኛው በፊት የሆኑ ተደርገው ተሠሩ፤ በዘጠነኛው ጭራሽ ሳይሞት ተገኘ። ይህን በአዳራሹ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት በራሱ ግማሽ ሰዓት ሳቅ ነው፤ በተለይ አስረጂው ከልቡ የሚወደው ወጣት ከሆነ።

ሁለተኛው ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣ ነው። በ2017 የወጣው የጀግኖች ኅብረት ፊልም ተጨማሪ ቀረጻ ሲያስፈልገው፣ ሱፐርማንን የሚሠራው ሄንሪ ካቪል ለሌላ ስቱዲዮ ፊልም ጢም አሳድጎ ነበር፤ ያኛው ስቱዲዮም እንዳይላጭ ከለከለ። ስለዚህ ሱፐርማን ከነጢሙ ተቀረጸና ጢሙ በኮምፒውተር ተፋቀ። ውጤቱን ከላይኛው ከንፈሩ ማየት ይቻላል፤ ከንፈሩ ሲናገር የራሱ አይመስልም። ጥይት የማይበሳው ሰው በአንድ ውል ምክንያት ምላጭ አልተፈቀደለትም።

ሦስተኛው የንቀት ሳቅ ነው። የድሮ ፊልም የኮምፒውተር ሥዕሉ አርጅቶ፣ ስልኩ ትልቅ ሆኖ፣ ፀጉሩ ተነፍቶ ሲታይ «እንዴት በዚህ ይደነግጡ ነበር?» ብሎ መሳቅ። ይህን እቃወማለሁ። የተቆራረጠ ትዕይንት አታሳዩ ያልሁትም ስለዚህ ነው። አንድን ትዕይንት ከፊቱና ከኋላው ነጥለው ካሳዩት ማንኛውም ፊልም ያስቃል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶግራፍ ላይ አንዷን ፊት ብቻ ቆርጦ እንደ ማሳየት ነው። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በ1993ቱ ጁራሲክ ፓርክ የብርጭቆው ውኃ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሻችንን ያቆምነው ሞኞች ስለነበርን አይደለም። ፊልሙ አንድ ሰዓት ገደማ ለዚያች ቅጽበት አዘጋጅቶን ነበር። ልጆቹ ያንን አንድ ሰዓት ካላገኙ ውኃ በብርጭቆ ብቻ ነው የሚያዩት።

በራምቦ አይጀምሩ ያልሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። እርስዎ የሚያስታውሱት፣ ደረቱን ገልጦ ቀስትና መትረየስ የያዘውን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ክፍል ራምቦ ይመስለኛል። የ1982ቱ የመጀመሪያው ፊልም ሌላ ነው። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር የጓደኛውን ቤት ፈልጎ ይመጣል፤ ጓደኛው በካንሰር ሞቷል። ከዚያ አንድ የትንሽ ከተማ ፖሊስ አዛዥ መልኩን ጠልቶ ከከተማው ያስወጣዋል፤ ነገሩም ከዚያ ይካረራል። በዚያ ፊልም ሲሞት በግልጽ የምናየው ሰው አንድ ነው፤ እርሱም ከሄሊኮፕተር የወደቀ። መጨረሻው ላይ ራምቦ መሬት ተቀምጦ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ፊልሙ በተነሳበት መጽሐፍ ራምቦ ይሞታል፤ በፊልሙም ሞቱ ተቀርጾ ነበር፤ ኋላ ተለውጦ በሕይወት ቀረ። በዚያ ውሳኔ ነው እስከ 2019 ድረስ አራት ተከታይ ክፍሎች የተገኙት። በአምስቱም ሲልቨስተር ስታሎን ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ ጅምር ጋር የሚያነጻጽሩት ነገር የለም። ከዚህ በላይ ግን ዋናው ነገር፣ ከጦርነት ተመልሶ ማረፊያ ያጣ ወታደር ታሪክ በእናንተ ግቢ በሚኖሩ ሰዎች ፊት የሳቅ ምሽት መክፈቻ አይሆንም። ለሌላ እሑድ፣ ለብቻው፣ በጸጥታ ይታይ።

ዳግም ሥራም ሆነ ዳግም ጅምር ሊያደርገው የማይችለው ነገርም አለ፤ የመጀመሪያውን ድንጋጤ መድገም። በ1998 ጋስ ቫን ሳንት የሂችኮክን የ1960 አስፈሪ ፊልም ሳይኮን ትዕይንት በትዕይንት፣ ካሜራው በቆመበት ሳይቀር አስመስሎ በቀለም ሠራው። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ ፍርሃቱ አልነበረም። የ1987ቱ ሮቦኮፕ በ2014 ሲደገም ብረቱ አማረ፤ በዜናውና በማስታወቂያው ላይ ያሾፍ የነበረው ጥርሱ ግን ረገፈ። የተሳኩት የመጀመሪያው ፊልም ስለ ምን እንደነበር ጠይቀው የተነሱት ናቸው። የ2006ቱ ጄምስ ቦንድ ከመሣሪያው ብዛት ይልቅ ሰውየው እንዴት ጨካኝ እንደሆነ አሳየ። በ2011 የተጀመረው የዝንጀሮዎቹ ፕላኔት ታሪኩን ከዝንጀሮው ልብ ጀመረ። ጆርጅ ሚለር በ1979 የጀመረውን ማድ ማክስ ራሱ በ2015 ናሚቢያ በረሃ ውስጥ በአዲስ ተዋናይ ሲመልሰው ስድስት ኦስካር አገኘ። ስለዚህ «የድሮው ይሻላል» የሚለውን ፍርድ አስቀድመው ይዘው አይግቡ፤ ልጆቹም «አዲሱ ይሻላል» ብለው አይግቡ።

የምመክረው ይህ ነው፤ በካራቴ ኪድ ይጀምሩ። የ1984ቱና የ2010ሩ። ጥንዱ ለእናንተ አዳራሽ የተሠራ ይመስላል። ሁለቱም ለልጅ የሚሆኑ ናቸው፤ ሁለቱም አባት የሌለው ልጅ ከእናቱ ጋር ወደማያውቀው ሰፈር ሲዛወር ይጀምራሉ። ከመርካቶና ከፒያሳ አካባቢ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ይህን ስሜት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። አዲስ ግቢ፣ አዲስ ጉልበተኛ፣ ጥግ ላይ የሚኖር ዝምተኛ ሽማግሌ።

በመጀመሪያው ሽማግሌው ሚያጊ ልጁን መኪና ያስወለውለዋል፣ ወለል ያስፍቀዋል፣ አጥር ያስቀባዋል። ልጁ ጉልበቴን በነፃ በላው ብሎ ሲቆጣ፣ እጁ ሳያውቀው መከላከልን እንደተማረ ይገለጥለታል። በ2010ሩ ጃኪ ቻን ያንኑ ትምህርት ጃኬት አውልቅ፣ ስቀል፣ አንሳ፣ ልበስ እያሰኘ ያስተምራል። አዳራሹ ውስጥ የቆሎ ተማሪ የነበሩ አባት ካሉ ይህን ትዕይንት እርሳቸው ይተርኩልን በሉ፤ ለየኔታ ውኃ ቀድቶና እንጨት ለቅሞ ዜማ ያጠና ሰው ሚያጊን ከማንኛውም የፊልም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል። ሚያጊን የሠራው ፓት ሞሪታ ለኦስካር መታጨቱ በከንቱ አልነበረም።

ሳቁም ሞልቷል። በመጀመሪያው ፊልም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውን ልጅ የሠራው ራልፍ ማቺዮ ሲቀረጽ 22 ዓመቱ ነበር። የሁለተኛው ርዕስ ካራቴ ይላል፤ ታሪኩ ቤጂንግ ነው፤ ልጁ የሚማረው ደግሞ ኩንግ ፉ ነው። በቻይና ራሱ ፊልሙ የወጣው «የኩንግ ፉ ሕልም» በሚል ስም ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ለዓመታት ሁለቱ ፊልሞች የማይገናኙ ተብለው ከኖሩ በኋላ፣ በ2025 በወጣው ፊልም ጃኪ ቻንና ራልፍ ማቺዮ አብረው ቀረቡና ሁለቱ ዓለማት ዘመዳሞች ሆኑ። ከሀ የተጀመረው ነገር ዞሮ ከድሮው ጋር ተጋባ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ሲያስረዱ ከላይ ካልኋቸው አራት ቃላት አብዛኞቹ በአንድ ምሳሌ ይገቧቸዋል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ ሁለቱን በአንድ ምሽት አዳራሽ ውስጥ አታሳዩ። አንደኛው ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራት ቢሄድ ምሽቱ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሕግ ነገር አለ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለመብቱ ነው፤ የኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን አይደለም። የመግቢያ ገንዘብ አንቀበልም ማለታችሁ ብቻ መልስ አይሆንም። ፈቃድ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ፤ ካልቻላችሁ የሚከተለውን አድርጉ፤ እኔ ፈቃድ ቢኖርም ይህን እመርጣለሁ።

በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ ፊልሞቹን በየቤቱ ይያቸው። ፋይል የምትገዙ ከሆነ በዓመቱ ጠይቁ፤ ሁለቱ አንድ ስም ነው ያላቸው። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ሃሎዊን የሚባሉ ሦስት ፊልሞች አሉ፣ የ1978፣ የ2007 እና የ2018፣ ሦስቱም ለልጅ የማይሆኑ። እሑድ በአዳራሹ ማያ አይሰቀል፤ ፊልሙ ይተረክ። በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ያለው ልጅ ይገባል፤ የሌለው ውጭ ይጠብቃል፤ የገባው ሲወጣ ለሌሎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፁንና ምቱን ጨምሮ ይተርክላቸው ነበር። እኔ ካየኋቸው ፊልሞች የሚበዙትን መጀመሪያ የሰማኋቸው በዚህ መንገድ ነው፤ ፊልም የመመለስ ሥራዬንም የተማርኩት እዚያ በር ላይ ነው። የእናንተ ልጆች ይህን አያውቁትም። ፊልም በእጃቸው ስላለ ለሌላው መንገር አላስፈለጋቸውም።

እርስዎ የ1984ቱን ይተርኩ፤ አንድ ነገር ግን ይጠበቅብዎታል፤ ከመተረክዎ በፊት መልሰው አይዩት። ሌላው ቤተሰብ ይየው፤ እርስዎ ግን ከቪዲዮ ቤቱ ትዝታዎ ብቻ ይናገሩ። ያልነበረ ምት ይጨምራሉ፣ የነበረ ሰው ይረሳሉ፣ ከሌላ ፊልም የመጣ ትዕይንት ያስገባሉ። በሳምንቱ ፊልሙን ያዩት ልጆች ያርሙዎታል፤ ሳቁ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ከዚያ ከልጆቹ አንዱ የ2010ሩን ይተርክ፤ እርስዎም ያርሙት። ለአንድ ተራኪ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከሁለቱ ተራኪዎች በኋላ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ሽማግሌው ልጁን ምን አስተማረው? ሁለቱ ፊልሞች እዚህ ላይ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ የሚቀጥለው ጭቅጭቅም ከዚህ ይነሳል።

ለሁለተኛው ወር ተርሚኔተርን ይያዙ፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉት ግን በዚያ ምሽት አይገኙ። በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ የ1984ቱን፣ ቀጥሎ የ1991ዱን። ከዚያ በኋላ የመጡትን አራቱን መተው ትችላላችሁ፤ በ2019 የወጣው ራሱ ከሁለተኛው በኋላ የሆነውን ሁሉ እንዳልነበረ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው።